ዜሮ ሲነበብ፦ የደብረ ማርቆስ ነጋዴና የዌብሳይቱ ጎብኚ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሆቴል የከፈተ ወይም ጮቄ ተራራን የሚያስጎበኝ ሰው ዌብሳይት ካሠራ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ሰው አየው?» የሠራለት ልጅም ትልቅ ቁጥር ያሳየዋል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ የዓመቱን ክፍያ ይከፍላል።

ያ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የሰው ቁጥር አይደለም። አንድ ሰው ሃያ ፎቶ ያለበትን ገጽ አንዴ ሲከፍት ሰርቨሩ ከሃያ በላይ ጥያቄ ይመዘግባል። ይህን «ሂት» ይሉታል። ሂትን ጎብኚ ብሎ መሸጥ የአንዱን እንግዳ እያንዳንዱን ጉርሻ እንደ አዲስ እንግዳ ቆጥሮ እንደማውራት ነው። በዚያ ላይ የጉግልና የሌሎች መፈለጊያዎች ቦቶች አሉ፤ ሌሊትና ቀን ገጽ ይከፍታሉ፣ አልጋ ግን አይዙም።

ጉግል አናሊቲክስ ከዚህ ይሻላል፤ የታወቁ ቦቶችን ያጣራል። ነገር ግን የሚቆጥረው ገጹ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኮድ ስትጫን ነው። ኔትወርኩ ዘግይቶበት ገጹ ሳያልቅ የወጣ ሰው ላይመዘገብ ይችላል። የሚቀረው ማን ነው? ቢቸናና ደንበጫ ሆኖ በደካማ ኔትወርክ የሚሞክረው ደንበኛ ነዋ! ከተማውንም የሚገምተው በአይፒ አድራሻ ስለሆነ፣ የሞባይል ተጠቃሚ ጎጃም ተቀምጦ አዲስ አበባ ሊባል ይችላል። በ2015 ዓ.ም ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ፌስቡክ ተዘግተው ሰው ሁሉ ቪፒኤን ሲያበራ ደግሞ የአገር ቤት ጎብኚ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የመጣ መስሎ ታየ።

ከሁሉ የከፋው ቀጥሎ የመጣው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋረጠ። የመስመር ኢንተርኔት ካላቸው ጥቂት ቦታዎች በቀር ጎጃም ከመቁጠሪያው ላይ ጠፋ። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገብቶት ነበር። በዚያ ስም ተነሣስቶ ዌብሳይት ያሠራ ሰው በቀጣዩ ዓመት ግራፉን ቢከፍት ያገኘው የውጭ አገርና የአዲስ አበባ ጎብኚ ብቻ ነው። ቁጥሩን አምኖ «የአማርኛው ገጽ አያስፈልግም፣ እንግሊዝኛው ይበቃል» ቢል ማን ይፈርድበታል? የአካባቢው ሰው ግን ፍላጎቱን አልተወም፤ ሠርግ ይደግሳል፣ አዳራሽ ይፈልጋል፣ ዋጋ ይጠይቃል። የተዘጋው መስመሩ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ በዚህ ግራፍ የማስታወቂያ በጀት የሚያከፋፍል ድርጅትም ዜሮውን «ገበያ የለም» ብሎ ያነባል፤ የጎጃም ነጋዴ በመዘጋቱ የከሰረውን በቁጥሩ ደግሞ ይከስራል።

የማነጻጸሪያው ነገር ደግሞ አለ። ጉግል የቀድሞውን አናሊቲክስ ሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም አቁሞ ወደ አዲሱ አሸጋገረ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የድሮውን መረጃ መክፈትም ቀረ። ማውረጃው ጊዜ ያለቀው ክልሉ ዳታ ባጣበት ወቅት ነው። ያላወረደ ሰው ከጦርነቱ በፊት ስንት ጎብኚ እንደነበረው የሚያይበት የለውም።

ስለዚህ መቁጠር ይቅር ማለት ነው? አይደለም። ባለሆቴሉ መጀመሪያ የአናሊቲክሱን አካውንት በራሱ ኢሜይል ይክፈት፤ ሠሪው ልጅ ሥራ ሲቀይር ታሪኩን ይዞበት እንዳይሄድ። ኔትወርክ የተቋረጠባቸውን ቀኖች እዚያው ግራፉ ላይ ወይም በደብተር ይመዝግብ። ዌብሳይቱ ላይ ብቻ የሚገኝ አንድ ስልክ ቁጥር ያውጣ፤ በዚያ ቁጥር የተደወለው ጥሪ ከዌብሳይቱ የመጣ ደንበኛ ነው፤ የድምፅ ጥሪ ደግሞ ዳታ በሌለበትም ሊሠራ ይችላል። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሠራተኛም ክፍል ስትሰጥ «ቤታችንን በማን በኩል ሰሙ?» ብላ ትጠይቅና መዝገቡ ላይ አንድ ቃል ትጻፍ፦ በዘመድ፣ በሹፌር፣ በቴሌግራም፣ በዌብሳይት። በወር መጨረሻ ሹፌሮቹ ዌብሳይቱን ከበለጡት፣ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ለማን እንደሚገባ ባለቤቱ ራሱ ያውቃል።