መምረጥና መጠየቅ

የሕዝብ መንግሥት የምንለው፣ ሹም ሥልጣኑን ከሕዝብ በአደራ የሚቀበልበትንና ስለ አደራውም ለሕዝብ መልስ የሚሰጥበትን አስተዳደር ነው። ይህ አሳብ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ አይደለም። በኢየሩሳሌም ባልቴቶች ከዕለት ምግባቸው ተጓደለብን የሚል ማንጐራጐር በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት የሰባቱን ዲያቆናት ምርጫ ለምእመናን ተዉ፤ የተመረጡትንም ጸልየው ሾሙአቸው።

በአገራችን በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት እንደራሴዎችን መምረጥን ለመኳንንትና ለሹማምንት ሰጥቶ ነበር። ሕዝቡ በድምፁ እንዲመርጥ የተደነገገው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ሹም ኃላፊነቱን ሲያጓድል እንዲጠየቅ፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንዲችል ያዝዛል።

ነገር ግን ሕግ መጻፉ ብቻ አይበቃም። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የምናውቀውን ቅሬ እንመልከት። ዳኛ ይመረጣል፤ መዋጮም ይሰበሰባል። ሒሳቡን የሚጠይቅ ሰው «ነገረኛ» ተብሎ ዝም ካሰኙት ግን፣ ለሐዘን ቀን የተዋጣው ገንዘብ ቢባክን ማንም አያውቅም። ጉዳቱም አስቀድሞ የሚደርሰው ሌላ ረዳት በሌላት ባልቴት ላይ ነው። የወረዳውም የአገሩም ነገር ከዚህ አይለይም።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ሹም ማክበርን ስታስተምሩ፣ በጨዋ ቃል ሒሳብ መጠየቅንም አስተምሩአቸው። ዘመድ ነው ብሎ መምረጥ፣ ዘመድ ነው ብሎም አለመጠየቅ፣ የባልቴቲቱን ድርሻ አሳልፎ መስጠት ነውና።