ጥቁር ፕላስተር የተለጠፈባት መብራት

ሰሞኑን አንድ ያገለገለ ሃይሉክስ ፒክአፕ ተረከብን። «ተረከብን» ስል እኔና አርባ ምንጭ ያለው ትንሿ የገበሬዎች ማኅበራችን ማለቴ ነው። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ መኪናው ለማኅበሩ ተላለፈ። የርክክብ ቅጹ ሁለት ገጽ ነበር። ክሪክ አንድ፣ የጎማ መፍቻ አንድ፣ መለዋወጫ ጎማ አንድ፣ የወለል ምንጣፍ አራት፣ ሬዲዮ አንድ፣ ሊብሬ አንድ። ሁሉም ተቆጠረ፤ ሁሉም ተፈረመበት።

ቆጣሪው 312 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈችው የዘይት መቀየሪያ ካርድ ግን 274 ሺህ ላይ ቆማለች። በመሀል ስላለው 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ቅጹ ምንም አይልም። ምንጣፉ ግን አራት ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ አንዲት ቁራጭ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፋለች። ሾፌሩን «ይቺ ምንድን ናት?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከሥሯ ያለችው መብራት ማታ ማታ ዓይን ትወጋለች» አለኝ። ፕላስተሩን ሳነሳው የታይሚንግ ቺንጋ ማስጠንቀቂያ መብራት ናት። በእንደዚህ ዓይነት የናፍጣ ሞተሮች ቺንጋው እንደ ሞተሩ ዓይነት በየ100 ሺህ ወይም በየ150 ሺህ ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። መብራቷም ጊዜው ሲደርስ የምትበራው ለዚህ ነው። ቺንጋው ተበጥሶ ከሄደ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ቺንጋ ሳይሆን ቴስታታ ስለ ማውረድ ነው።

ሾፌሩን ልወቅስ አልጻፍኩም። እሱ ለአለቃው ነግሯል፤ አለቃው ለፋይናንስ ጽፏል፤ ፋይናንስ ደግሞ «በዚህ ሩብ ዓመት በጀት የለም» ብሏል። በመጨረሻ ለሾፌሩ የቀረው ሥልጣን ፕላስተር መለጠፍ ብቻ ነበር።

ወደ ጋራዥ ስንሄድ አብረውኝ የነበሩት ሁሉ «መጀመሪያ ዘይት ይቀየር» አሉ። እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር። ሲቀላ ያሉት ሽማግሌ መካኒክ ግን ኮፋኖውን እንኳ ሳይከፍቱ የኋላ ጎማ አስፈቱ። «ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ነው የቆየበት» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ሞተር ቢቆም ሰው ጠርተህ ታስገፋዋለህ፤ ፍሬን ቢጠፋብህ ማንን ትጠራለህ? ጨንቻ አትወጣም እንዴ?» አሉኝ።

እንወጣለን እንጂ! አገራችን እንዲህ ናት። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዳገቱም ከሶዶው መንገድ ከተገነጠለ በኋላ በዶርዜ በኩል ያለ ፋታ ይያያዛል። ሲወጡ ሞተር ይጨነቃል፤ ሲወርዱ ፍሬን። ሲወረድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ አይወረድም፤ ድንች አለ፣ ፖም አለ፣ ከጆንያው ላይ የተቀመጠ ሰውም አለ።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ነገር ነው። አዲስ «ዶት 3» ዘይት ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም። ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ሙቀቱ ዘይቱ ድረስ ይዘልቃል፤ ውኃው ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይደለም፤ ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ሸራው አዲስ ቢሆንም እንኳ ይህ ይደርሳል። ለዚህ ነው የፍሬን ዘይት ኪሎ ሜትር ባይሞላም በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው። የእኛ መኪና ዘይት ቀለሙ ቡና ሆኖ ነበር። የኋላው ከበሮ ሲከፈት ደግሞ ሸራው አልቆ፣ ጭቃው ደርቆ እንደ ሸክላ ተጋግሯል። በዚህ መኪና ስንት ጊዜ ጨንቻ ተወጥቶ ተወርዷል? ስንት ሰውስ ተጭኖበት ነበር?

እንግዲህ ለብዙ ጊዜ ሰርቪስ ያላየ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ቅደም ተከተሉ ያገሩን መልክ ይከተል ነው የምለው። ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና የመሪ ጫፎች መጀመሪያ። ቀጥሎ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ የሚሄደው፦ የታይሚንግ ቺንጋውና አብሮት የሚሄደው ሮለር፣ የራዲያተር ውኃና ጎማ ቱቦዎቹ። የአርባ ምንጭን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ራዲያተሩ ግማሹ የተደፈነ መኪና ከሲቀላ ሸቻ ስትወጡ ራሱ ይነግራችኋል። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ደግሞ የቺንጋዋ መብራት ጠፍታ ስላያችሁ አትታለሉ። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቷን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። ደረሰኝ ጠይቁ፤ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

ዘይትና ፊልትሮ ከዚያ ይከተላል፤ እሱም ቢሆን አንዴ ቀይሮ መገላገል አይደለም። 38 ሺህ ኪሎ ሜትር የከረመ ዘይት ሞተሩ ውስጥ ዝቃጭ ትቶ ነው የሚወጣው። መካኒኩ የመከሩን የማጠቢያ ኬሚካል ሳንጨምር አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ገጥመን፣ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመን እንድንቀይር ነው። ሁለተኛው ዘይት ሲወጣ እንደ መጀመሪያው ሬንጅ አልመሰለም።

የነዳጅ ፊልትሮ ላይ ትንሽ ልቆይ። ናፍጣ ከማደያ ሲጠፋ ሁላችንም የምንሄድበትን እናውቃለን። ከበርሜል በጄሪካን የሚቀዳ ናፍጣ ውኃም አሸዋም ይዞ ይመጣል። ይህን የሚሸከመው ፊልትሮውና ከሥሩ ያለችው የውኃ ማጠራቀሚያ ናት። ውኃውን ከሥር ከፍቶ ማፍሰስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካልተደረገ ግን የሚጎዳው የናፍጣ ፖምፓውና ኢንጀክተሩ ነው፤ የእነሱን ዋጋ ደግሞ ዛሬ ባትጠይቁ ይሻላል።

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው 10 ሺህ ኪሎ ሜትርም የእኛ ቁጥር አይደለም። ያው መጽሐፍ አቧራ፣ ጭነት፣ ዳገትና ሸካራ መንገድ ካለ ጊዜውን አሳጥሩት ይላል። ወደ ካምባና ወደ ገረሴ የሚመላለስ ፒክአፕ ከዚህ ውስጥ የጎደለው የትኛው ነው? 5 ሺህ ብሎ መያዝ ነው። ወንዝ ውስጥ ገብቶ የሚሻገር መኪና ከሆነ የዲፈረንሻሉ ዘይት መፈተሽ አለበት፤ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል።

አሁን ነገሩ ለምን የእኔና የመካኒኩ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ልናገር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል። እነዚህን ፖሊሲዎች መደገፍም መቃወምም ይቻላል፤ ዛሬ ወደዚያ አልገባም። ውጤታቸው ግን አንድ ነው፦ ዛሬ በእጃችን ያለው አሮጌ ፒክአፕ የሚተካው በቀላሉ አይመጣም። 300 ሺህ የረገጠው 500 ሺህ እንዲረግጥ ይጠበቃል። ሊረግጥም ይችላል፤ ፕላስተር ተለጥፎበት ግን አይደለም።

በእኛ ክልል ደግሞ ሌላም አለ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ቢሮዎቹ በስድስት ከተሞች ተከፋፈሉ፦ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላ እና ካራት። ፍትሐዊ ነው የሚለውን ክርክር እረዳዋለሁ። ግን አንድ ስብሰባ ሶዶ፣ አንድ ፊርማ ዲላ፣ አንድ ሪፖርት ጂንካ ሲሆን ኪሎ ሜትሩን የሚከፍለው ማን ነው? ፒክአፑ። የነዳጅ በጀት ይጨመራል፤ ነዳጅ ከሌለ ጉዞ የለምና። የውሎ አበል ይከፈላል፤ አበል ከሌለ ሰው አይሄድምና። ጥገና ግን ዛሬ ባይከፈል ዛሬ ምንም አይሆንም። በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ለዚህ ነው።

«በጀት የለም» የሚለውን መልስ በከፊል ብቻ ነው የምቀበለው። የዘይት ፊልትሮ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ፊርማ እስኪዞር ድረስ የነጋዴው ዋጋ ይለወጣል። ፕሮፎርማው እንደገና ይሰበሰባል። እስከዚያ መኪናው ወይ ይሮጣል ወይ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ይቆማል። የቆመ መኪና ደግሞ ጎማው ይደርቃል፤ ባትሪው ይሞታል፤ ቀስ በቀስም ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ማንጎ ሥር የቆሙትን ቁጠሩ።

ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ ድንገተኛ ብልሽት አይደሉም። መቼ እንደሚያስፈልጉ ዓመቱ ሲጀመር ይታወቃል። የግዥ ሕጉ የማዕቀፍ ስምምነት የሚባል አሠራር አለው፤ ዋጋና አቅራቢ አንዴ ተወስኖ ዓመቱን ሙሉ እንደ አስፈላጊነቱ የሚወሰድበት። ዞኑ ለሁሉም ጽሕፈት ቤቶች በአንድነት እንዲህ ቢያደርግ ለፊልትሮ ኮሚቴ መቀመጥ ይቀራል። ጅምላ ግዥ ሲሆን ፎርጅድ ዕቃ የመቀበል ዕድሉም ይቀንሳል፤ ለአንድ ሸራ ከሚሮጥ ሾፌር ይልቅ ለአርባ መኪና የሚገዛ ሰው ይከበራል።

ሁለተኛው የምጠይቀው ገንዘብ የማይፈልግ ነው። የርክክብ ቅጹ ላይ አራት መስመር ይጨመር፦ የመጨረሻው የሞተር ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ተቀየረ፣ የፍሬን ዘይትና ሸራ መቼ፣ ቺንጋ በስንት፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት በስንት። አስረካቢው ይፈርም፤ ተረካቢው ይፈርም። ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር መኪና እጅ ይለውጣል፤ ያልተከፈለው የሰርቪስ ዕዳ ግን ያለ ስም ይተላለፋል። ስም ይኑረው።

«ዓመታዊ ምርመራ አለ እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ግን ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ከጓደኛው ተውሶ ቦሎ ለጥፎ ሲመለስ ጎማውን የመለሰ ሰው አውቃለሁ። በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ምርመራ የዚያን ቀን መኪና ነው የሚያየው።

የእኛው ፒክአፕ ፍሬኑ ተሠርቷል፤ ቺንጋውና ሮለሩ ተቀይረዋል፤ ሁለተኛው ዘይትም ገብቷል። የመኪና ማስታወሻ ደብተር ገዝተን ጋቢና ውስጥ በሲባጎ አስረናል፤ የመጀመሪያውን መስመር የጻፈው ያው ሾፌር ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻሉ ዘይት ግን ገንዘብ ስላለቀብን ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል። እስከዚያ ጨንቻ የሚወጣው ጭነት ተቀንሶ፣ ሲወርድም በሁለተኛ ማርሽ ነው። እናንተ የምትሄዱበት የመሥሪያ ቤት መኪና የመጨረሻ ሰርቪሱ መቼ እንደነበር ነገ ጠዋት ሾፌሩን ጠይቁትና የነገራችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልፈልግም።