ጥያቄዎቻችን ከላፕቶፕ ይውጡ

ዕጩ መምህራን ጃንጎ በተባለው የፓይተን ማዕቀፍ የሠሩት የመልመጃ ጥያቄዎች ማኅደር የሚያስመሰግን ነው። ለመሆኑ ግን የት ነው ያለው? በአንድ ልጅ ላፕቶፕ ውስጥ! ልጁ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወደ ጁገል ከወጣ ማኅደሩም አብሮት ሄደ።

«ራንሰርቨር ብለን ከፍተነዋል፣ ይሠራል» ይሉናል። ይሠራልማ! ነገር ግን ይህ ትእዛዝ ለሙከራ እንጂ ለአገልግሎት እንዳልሆነ የጃንጎ ሠሪዎች ራሳቸው በመመሪያቸው ጽፈዋል። ለአገልግሎት ሲሆን ፕሮግራሙን ጉኒኮርን ያንቀሳቅሰዋል፤ ኤንጂንኤክስ ደግሞ እንደ ጁገል በረኛ ከፊት ቆሞ ሥዕሉን ራሱ ያድላል፣ ሌላውን ጥያቄ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ዲበግ የተባለው የስሕተት ማሳያም ይዘጋ፤ አለዚያ የውስጥ ገመናችን ለመጣው ሁሉ ይታያል።

ከውጭ አገር ሰርቨር እንከራይ የሚሉም አሉ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ሲቋረጥ ምን ይውጠን ነበር? አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ሊኑክስ ተጭኖበት ከግቢው ኔትወርክ ቢገናኝ የውጭው መስመር ቢጠፋም ጥያቄው እኛው ዘንድ አለ። የመብራቱ ነገር እንኳ ሌላ ጣጣ ነው። ቢሆንም መብራት ሲመለስ አገልግሎቱ ሰው ሳይነካው እንዲነሣ በሲስተምዲ ማስመዝገብ ብዙ ድካም የለውም።

ለማስተማር ልምምድ ከመበተናችን በፊት ይሠራ እንላለን።