ፍላሽ ይዞ መሯሯጥ ሥራ አይደለም!

ስክሪፕት የአዲስ አበባ ባንኮች ቅንጦት ነው የምትሉ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ልንጣላ ነው! እኔ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለቢቸናና ለሞጣ ነው እላለሁ።

ለምን ብትሉ፣ ባንኩ አንዱ ባለሙያ ቢታመም የሚተካው ሌላ አለው። በወረዳ ከተማ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻውን ፕሪንተር ይጠግናል፣ ቫይረስ ያጸዳል፣ ፋይል በፍላሽ ይገለብጣል። ያ ልጅ ለቅሶ ከሄደ የመምህራኑ የደመወዝ ፋይል የዚያን ቀን ባክአፕ አይኖረውም። ዲስኩ ደግሞ ቀን አስፈቅዶ አይሞትም። ከዚያ ወዲያ ያለው ግርግር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

"መብራት እየጠፋ ምን ስክሪፕት?" ትሉኛላችሁ። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዩኒክስ ላይ ያለው ክሮን ማሽኑ ጠፍቶ ያለፈውን ሰዓት አያካክስም። አናክሮን የሚባለው ግን መብራት ሲመጣ ያመለጠውን ሥራ ያስኬዳል። ኢንተርኔትም ሰበብ አይሆንም። በ2015 ዓ.ም ክረምት የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ የሚገለብጥ ስክሪፕት ግን ኔትወርክ ምን ያደርግለታል?

ደግሞስ የእኛን ወር ማን ያውቅልናል? ክሮን የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1፣ በእነሱ ጁላይ 8 ይጀምራል። ጳጉሜንማ ጭራሽ ሰምቷትም አያውቅ! ይህን በጥቂት መስመር የሚያስተካክልልን የሞጣ ልጅ እንጂ ከውጭ የሚመጣ መሐንዲስ አይደለም።

"ስክሪፕት ከተሳሳተ በአንድ ሴኮንድ ሁሉን ያጠፋል" የሚለው ስጋት እውነት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በኮፒ ላይ ይሞከራል፣ የሠራውን ሎግ ላይ ይጽፋል፣ ባክአፑም በየጊዜው ተከፍቶ ይፈተሻል። የደከመ እጅስ አይሳሳትም እንዴ? የስክሪፕቱ ስህተት ተጽፎ ስለሚገኝ ይታረማል፤ ፍላሽ ላይ በተሳሳተ ፋይል የተተካውን ግን ማን ያስታውሰዋል?

ዋናው እንቅፋት ሲሯሯጥ ያላየውን ባለሙያ ሰነፍ የሚል አለቃ ነው። ስክሪፕት የጻፈው ልጅ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ካየው ሌላ ሥራ ይጭንበታል፤ ልጁም ብልህ ነውና ወደ ፍላሹ ይመለሳል።

አለቆች ሆይ፣ እስቲ አንድ ሳምንት ፈቃድ ስጡትና ባክአፑ በየቀኑ መቀመጡን እዩ። ተቀምጦ ካገኛችሁት ያ ልጅ ሠርቷል፤ ሻዩን ተዉለት!