የእረፍት ፎቶ በቀብድ፤ ካሜራው በር ላይ ሲቆም

በ2017 የጥምቀት ሰሞን አንዲት ዘመዴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከቨርጂኒያ ለሦስት ሳምንት እረፍት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ከመምጣቷ አንድ ወር ቀደም ብላ በቴሌግራም አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ አፈላልጋ ቀጠሮ ይዛለች። ዕቅዱ ቀላል ነው። ጠዋት ልጆቿ የሐበሻ ልብስ ለብሰው ጃንሜዳ ይነሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈውን እናቷን ይዘው በአንድ የከተማዋ መናፈሻ ውስጥ ሁሉም በአንድነት ይነሳሉ። የዋጋውን ግማሽ በወንድሟ በኩል ቀብድ ከፈለች።

የጃንሜዳው ተሳካ። መናፈሻው በር ላይ ሲደርሱ ግን ጥበቃው የፎቶ አንሺውን ቦርሳ አስከፍቶ ሁለት ካሜራና ሦስት ሌንስ ሲያይ «ይኼ በፈቃድ ነው የሚገባው» አለ። ፈቃዱ የት ነው የሚወጣው? ቢሮ። ቢሮውስ? በዓል ስለሆነ ዝግ ነው። ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ «በሞባይል ከሆነ ግቡና ተነሱ፣ ማንም አይከለክላችሁም» ብሎ መላ ሊያበጅላቸው ሞክሯል። እናትየው መኪና ውስጥ አርባ ደቂቃ ያህል ከጠበቁ በኋላ «በቃ ልጄ፣ ወደ ቤቴ መልሱኝ» አሉ።

ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘመዴ «ግማሹን ሥራ ሠርቷል፣ ግማሹን ከፍያለሁ፣ ተጨራርሰናል» ትላለች። ልጁ ደግሞ «እትዬ፣ ጥር የሰርግ ወር ነው። ለእርስዎ ብዬ ሰርግ መልሻለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰጥቻለሁ፤ በሩን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም» ይላል። ቀሪው ሒሳብ እስኪከፈል ድረስም የጃንሜዳውን ፎቶ አልሰጥም አለ። የምትሄድበት ቀን ደረሰ። በመጨረሻ እኔና ወንድሟ መሀል ገብተን፣ የቀረውን ክፍያ ለሁለት ከፍለን አስማማናቸው። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ነው።

እንደ ሽማግሌነቴ ስፈርድ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ጉዳዩን ለጋዜጣ የሚያበቃውም ይኸው ነው። ሁለት እውነተኛ ሰዎች የተጣሉት በመካከላቸው አንዲት ገጽ ወረቀት ስላልነበረችና መናፈሻው ሕጉን ከበሩ ውጭ ለማንም ስላልተናገረ ነው።

ከፎቶ ቤት ወደ ሜዳ

ለእረፍት በሄዱበት አገር ባለሙያ ቀጥሮ ፎቶ መነሳት በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ንግድ ከሆነ ቆይቷል። መንገደኛን ከአካባቢው ፎቶ አንሺ ጋር የሚያገናኘው የካናዳው ፍላይቶግራፈር አንዱ ምሳሌ ነው። ኤርቢኤንቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ከማደሪያው ጎን ለጎን አገልግሎቶችን መሸጥ ሲጀምር፣ ከአሥሩ ዘርፎች አንዱ ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶው አንድ ጉዞ ሲታቀድ አብሮ የሚገዛ ዕቃ ሆኗል ማለት ነው።

ለእኛም ባዕድ ነገር አይደለም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና በኋላም ልጆቻቸው ካቋቋሙት ሙያ ተነስቶ፣ ፒያሳና መርካቶ የፎቶ ቤት ሰፈር ሆነው ኖረዋል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ፎቶ ቤት ሳይወሰድ አይመለስም ነበር። ግድግዳው ላይ የተሳለው ሐይቅና አውሮፕላን፣ የተውሶው ኮትና ክራቫት፣ «አገጭዎን ቀና ያድርጉ» የሚለው ትእዛዝ ከብዙዎቻችን አልበም ውስጥ አለ። ያኔ ግን ሥፍራው የፎቶ አንሺው የራሱ ነበር። ቤቱም መጋረጃውም ብርሃኑም የእርሱ ስለሆነ የሚያስቆመው አልነበረም። ዛሬ ደንበኛው የሚፈልገው እውነተኛውን ሐይቅ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ባለቤትና በር፣ በሩም ጥበቃ አለው።

ሥራው አገር ቤት ውስጥ የሰፋው በሰርግ በኩል ቢሆንም፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ትልቁ ገፊ ዲያስፖራው ነው። መንግሥት ለ2014 የገና በዓል አንድ ሚሊዮን ሰው ወደ አገሩ እንዲመጣ ጥሪ ማድረጉ ይታወሳል። በ2016 ደግሞ ጥሪው በውጭ ተወልደው ወዳደጉት ልጆች ዞረ። እነዚህ ልጆች አማርኛውን ባያቀላጥፉት እንኳ ፎቶ ይነሳሉ። ለብዙ ወላጅም ያ ፎቶ የጉዞው ዋና ጉዳይ ነው፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ምስል የሚገናኙበት ዕድል በየዓመቱ አይመጣምና።

ላይ የወጣው ዶላር፣ ላይ የወጣው ሌንስ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሒሳቡ ተለውጧል። ለምሳሌ 10,000 ብር የሚያስከፍል አንድ የፎቶ ቀን ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 175 ዶላር ነበር። በ2017 ጥምቀት አካባቢ ምንዛሪው 125 ብር ገደማ ሲደርስ ያው 10,000 ብር 80 ዶላር ሆነ። ከውጭ ለሚመጣው ሰው ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደለት።

ፎቶ አንሺው ግን በተቃራኒው ነው ያለው። ካሜራው፣ ሌንሱ፣ ባትሪውና ኮምፒዩተሩ ሁሉም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። አንድ ሌንስ ቢሰበርበት የሚተካው በአዲሱ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ከፍ ሲያደርግ የአገር ውስጡ ደንበኛ ይሸሸዋል፤ ዝቅ ካደረገ ደግሞ ዕቃው በሁለት ዓመት ውስጥ አርጅቶ ይቀራል። «ዲያስፖራ ሲሆን ዋጋ ይጨምራሉ» የሚለውን የተለመደ ስሞታ ስሰማ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ጭማሪው አንዳንዴ ስግብግብነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሌንስ ሒሳብ ነው። ዋጋን በዶላር መጥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከተፈቀደላቸው ተቋማት በቀር የአገር ውስጥ ግብይት የሚፈጸመው በብር ነውና፣ እዚያ ላይ ፎቶ አንሺውም ደንበኛውም ቢጠነቀቁ ይበጃቸዋል።

ሌላው ችግር አከፋፈሉ ነው። ቨርጂኒያ ያለች ሴት በካርዷ ቀብድ ልክፈል ብትል ብቻውን የሚሠራ ወጣት መቀበያው የለውም። ገንዘቡ በወንድም፣ በአክስት ልጅ፣ በጓደኛ ሒሳብ ይዞራል። ቀብዱን ማን ከፈለ፣ ለምን ተከፈለ፣ መቼ ይመለሳል የሚሉት ጥያቄዎች ደረሰኝ የላቸውም። ጠብ ሲነሳ ማስረጃው የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ብቻ ይሆናል።

«በሞባይል ከሆነ ግቡ»

የጥበቃው ቃል ሲታሰብ የሚያስገርም ነው። ዛሬ ኪስ ውስጥ የሚገባ ስልክ የሚያነሳው ምስል ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ማስታወቂያ ይሠራበታል። ስልክ እየገባ ካሜራ ከተከለከለ የሚከለከለው ፎቶው አይደለም፤ ዕቃው በትልቅነቱ ብቻ ነው የሚመረጠው። ድሮን የተለየ ነው። ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባትም ማብረርም እንደማይቻልና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንደሚያዝ በሰፊው ይታወቃል፤ የጸጥታ ምክንያቱም ግልጽ ነው። አያትን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ የሚያነሳ ካሜራ ግን ከድሮን ጋር በአንድ ዓይን መታየቱ አይገባኝም።

በእርግጥ የሥፍራው ባለቤት ማስከፈል መብቱ ነው። አንድ ሰው በሌላው ግቢ ገንዘብ እየሠራ ለግቢው ምንም አልከፍልም ሊል አይችልም። ክርክሩ በክፍያው ላይ ሳይሆን ክፍያው ቀድሞ የማይታወቅ በመሆኑ ላይ ነው። ለሰርግ ይህን ያህል፣ ለቤተሰብ ይህን ያህል፣ ለንግድ ማስታወቂያ ይህን ያህል የሚል ሰሌዳ በሩ ላይ ቢሰቀል፣ ክፍያውም እንደ ቴሌብር ባለ መንገድ በዚያው ቢፈጸም፣ በበዓል ቀን የሚዘጋ ቢሮ አያስፈልግም ነበር። ሰሌዳ በሌለበት ቦታ ዋጋውን የሚወስነው የዕለቱ ተረኛ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንባቢ ያውቀዋል።

የሕንዱን ታጅ ማሃል ብንመለከት፣ የአገሪቱ የቅርስ መሥሪያ ቤት ለፎቶ አንሺዎች ፈቃድ ይሰጣል፤ እነሱም መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በግቢው ውስጥ ይሠራሉ። ልዕልት ዳያና እ.ኤ.አ. በ1992 ብቻቸውን የተነሱበትን አግዳሚ ወንበር ጎብኚው ሁሉ ይፈልገዋል፤ ባለመታወቂያው ፎቶ አንሺም እዚያው ይጠብቀዋል። ሥርዓቱ እንከን የለሽ ነው አልልም፤ ጎብኚን የሚያዋክቡም አይጠፉም። ቢያንስ ግን ጎብኚው ማን እንዳነሳው ያውቃል፤ ቅሬታ ቢኖረው የሚያቀርብበት ስምና ቁጥር አለው።

ለሐኒሙን ዱባይ የሚሄዱ የእኛ ሙሽሮች ደግሞ ጥብቁን ሥርዓት ያውቁታል። እዚያ የንግድ ቀረጻ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኢማራት የሳይበር ወንጀል ሕግ ደግሞ ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ በግል ሁኔታው ፎቶ ማንሳትን ቢያንስ በስድስት ወር እስራት ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። እንዲህ ያለውን ቅጣት ለእኛ አልመኝም። ነገር ግን እዚያ የሚቀጠር ፎቶ አንሺ የትኛው ቦታ በነፃ፣ የትኛው በፈቃድ እንደሚነሳ ለደንበኛው ቀድሞ መናገር አለበት፤ አለዚያ አይሠራም።

ከጀርባ ያለው ሰው

እስካሁን ያነሳነው የሚከፍለውንና የሚከፈለውን ነው። ሦስተኛ ወገን አለ፤ በፎቶው ጀርባ የቆመው። ጃንሜዳ ላይ ዘመዴ ልጆቿን ስታስነሳ ከኋላቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪዎች ነበሩ። ፎቶው ያማረው በእነሱ ነው። ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የካሜራው ብዛት ጨምሯል።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ጀምሮ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊለጠፍ፣ ሊባዛም ሆነ ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 በሕዝብ ፊት ለሚፈጸሙ ጉዳዮች የተለየ ሁኔታ ያስቀምጣል። ስለዚህ በዓሉን ማንሳት ክልክል አይደለም። የአንዲትን ዘማሪ ልጅ ፊት ለይቶ አውጥቶ ለራስ ንግድ ማስታወቂያ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ይህን ጥያቄ ይበልጥ ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም።

የደንበኛዋም ፊት እንዲሁ ነው። ዘመዴ ወደ ቨርጂኒያ ከተመለሰች በኋላ የልጇን ፎቶ በፎቶ አንሺው የማስታወቂያ ገጽ ላይ አየችው። ደውላ ጠየቀችው፤ ይቅርታ ጠይቆ አነሳው። ልጁ ክፋት አላሰበም፤ ሥራውን ማሳየት ነው የፈለገው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ በመሆኑ እርሱም በሥራው ላይ መብት አለኝ ብሎ ያምናል። የአንሺው መብትና የተነሺዋ መብት በአንድ ምስል ላይ ሲገናኙ ቀድሞ የተነጋገሩ ሰዎች አይጣሉም። በደቡብ ኦሞ ሙርሲዎች ዘንድ ተነሺው ራሱ ዋጋ ተምኖ፣ ተቀብሎ ነው የሚነሳው። ብዙ ጎብኚ ይህን «ንግድ ሆነ» ብሎ ያማርረዋል። እኔ ግን ቢያንስ ስምምነቱ ከፎቶው በፊት መምጣቱን አደንቃለሁ።

ሥራ የጠፋባቸው

አዲስ አበባ ላይ ስለ ሰሌዳና ስለ ፈቃድ ስናወራ፣ ላሊበላና ጎንደር ያሉ የሙያው ሰዎች ይህ ጭቅጭቅ እንደ ቅንጦት ሊታያቸው ይችላል። ላሊበላ በሐምሌ 2013 መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ ለወራት ቆየች። ያ ጦርነት ሲያበቃ ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተስፋፋ። አስጎብኚው፣ ባለ ባጃጁ፣ ነጠላ ሻጯና ፎቶ አንሺው የሚጠብቁት ያንኑ እንግዳ ነው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ መንገድ የሚፈራ ዲያስፖራ የእረፍት ፎቶውን ቢሾፍቱ ወይም እንጦጦ ይነሳል። ስለዚህ በዋና ከተማዋና በዙሪያዋ ያሉ ሥፍራዎች ላይ ጫናው በዝቷል፤ በሮቹም ላይ ያለው ንትርክ እንዲሁ።

ሰሞኑን ዘመዴ ለመጪው ጥምቀት ልትመጣ እንዳሰበች ነገረችኝ። የምትቀጥረው ያንኑ ልጅ ነው፤ የጃንሜዳው ፎቶ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል፣ ወዳዋለች። በዚህ ጊዜ ግን እርሱ አስቀድሞ አንድ ገጽ ጽፎ ልኮላታል። በር ላይ ቢከለከሉ ክፍያው ምን እንደሚሆን፣ ፎቶው በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ያለ ፈቃዷ ምንም እንደማይለጥፍ ዘርዝሯል። የቀረችው አንዲት ክፍት ቦታ «የመናፈሻው ክፍያ» በሚለው ፊት ለፊት ያለችው ናት። ሁለት ጊዜ ሄዶ ጠይቆ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጥተውታል።