ዘገምተኛው መንገደኛና የተጣሉት መኪናዎች

ሰው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደው በሁለት ዓይነት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ለመድረስ፣ ሁለተኛው ለማየት ነው። ለመድረስ የሚሄድ ሰው ፍጥነትን ይመርጣል፤ መምረጡም ትክክል ነው። በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ወይም አትክልቱ ሳይጠወልግ ገበያ ለመግባት የሚጣደፍ ሰው በመንገድ ዳር ያለውን ሁሉ እየቆመ ይመልከት የሚል የለም። ለማየት የሚሄድ ሰው ግን ፍጥነት ጠላቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳህ የምፈልገው ሐሳብም ይኸው ነው፤ የአንድን አገር ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከአውራ ጎዳናው ወርዶ በገጠሩ መንገድ በዝግታ መሄድ፣ ሌሎች እንደ ጥራጊ የሚቆጥሩትንም ነገር ቆሞ መመርመር ይገባዋል። ለዚህ ማስረጃ እንዲሆነኝ የመረጥኩት ከሩቅ አገር የተገኘ ምሳሌ ነው። ይኸውም በአሜሪካ የገጠር መንገዶች በብስክሌት የሚጓዝ ሰው በየሜዳው የሚያያቸው ያረጁ መኪናዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካ ነፃነት የታወጀበት 200ኛ ዓመት ሲከበር፣ 4,000 ያህል ብስክሌተኞች ለበዓሉ በተዘጋጀ አንድ ረጅም መንገድ ላይ ተጓዙ። ገሚሶቹ መንገዱን በሙሉ፣ ገሚሶቹ በከፊል ሄዱበት። መንገዱ በምዕራብ ከኦሪገን ተነሥቶ፣ 10 ግዛቶችን አቋርጦ፣ በምሥራቅ ቨርጂኒያ ይደርሳል፤ ርዝመቱም 6,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ ዛሬም ብስክሌተኞች ይሄዱበታል። አዘጋጆቹ ታላላቆቹን አውራ ጎዳናዎች ሆን ብለው ትተው፣ በየመንደሩና በየእርሻው መካከል የሚያልፉትን ትናንሽ መንገዶች ነበር የመረጡት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚህ መንገደኞች አንዱ አንተ ነህ እንበል። በካንሳስ ሜዳ ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እየተጓዝህ ነው። ይህ ማለት በአንድ ሴኮንድ 5 ሜትር ትሄዳለህ ማለት ነው። በአውራ ጎዳናው ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚበርረው ባለመኪና ግን በአንድ ሴኮንድ 30 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ስፋቱ 30 ሜትር የሆነ የአንድ ገበሬ ግቢ ለእርሱ የአንዲት ሴኮንድ እይታ ሲሆን፣ ለአንተ የስድስት ሴኮንድ እይታ ነው። በዚያ ላይ በአንተና በግቢው መካከል መስተዋት የለም። የውሻውን ጩኸት ትሰማለህ፤ የታጨደውን ሣር ሽታ ታሸታለህ። መቆም ብትፈልግ ፍሬን ይዘህ አንድ እግርህን መሬት ማስነካት ብቻ ይበቃሃል። ባለመኪናው ያላየውን ነገር አንተ የምታየው ዓይንህ ከዓይኑ ስለሚበልጥ ሳይሆን ጊዜ ስላለህ ነው።

በዚያች ስድስት ሴኮንድ ውስጥ ከጎተራው ጀርባ አንድ ነገር ታያለህ። ሣር በቅሎበታል፤ ጎማው ወድቆ በመንኮራኩሩ ብረት መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ቀለሙ ተገፎ ዝገቱ ወጥቷል። አሮጌ መኪና ነው። መመርመርን የለመደ ሰው ዕድሜውን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሊገምት ይችላል። ፓራፋንጎው ከቦዲው ተለይቶ ያበጠና ከበሩ ሥር የእግር መርገጫ ያለው ከሆነ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ወይም የዚያን ዘመን ቅርጽ የያዘ ይሆናል። የፊት መስተዋቱ መካከል ላይ ተከፍሎ ሁለት ከሆነ፣ አንድ ወጥ የሆነው ጎበጥ ያለ መስተዋት ከመስፋፋቱ በፊት የነበረ ነው። ከኋላው እንደ አውሮፕላን ክንፍ የቆመ ነገር ካለው የ1950ዎቹ ሥራ ነው ብትል ብዙ አትሳሳትም። ይህ ክንፍ መጀመሪያ በ1948ቱ ካዲላክ ላይ የታየው በጦርነቱ ጊዜ ከነበረ ባለሁለት ጅራት የጦር አውሮፕላን ቅርጽ ተወስዶ ነው፤ እጅግ የረዘመውም በ1959ኙ ካዲላክ ላይ ነው። የፊት መብራቶቹ አራት ከሆኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1958 ገደማ ወዲህ የተሠራ መሆኑን ትገምታለህ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የሚታየው ሳይሆን የማይታየው ነው። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ብትሄድ እ.ኤ.አ. በ1943 ወይም በ1944 ለሕዝብ ገበያ የተሠራ የአሜሪካ የቤት መኪና አታገኝም። ምክንያቱም መንግሥት በየካቲት 1942 ለሲቪሎች መኪና ማምረት እንዲቆም አዝዞ፣ ፋብሪካዎቹ እስከ 1945 ድረስ ታንክ፣ አውሮፕላንና የጦር ካሚዮን ይሠሩ ስለ ነበር ነው። ብዙ አሮጌ መኪናም በዚያው ጊዜ ቀልጦ ለጦር መሣሪያ ውሏል። በየሜዳው በሚታዩት መኪናዎች ዕድሜ መካከል ያለው ይህ ባዶ ቦታ፣ ጦርነት እስከ ገበሬው ጓሮ ድረስ እንደሚገባ ከብዙ ንግግር ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

እነዚህ መኪናዎች በገጠር የቀሩበትም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ 66,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው አዳዲስ አውራ ጎዳናዎች እንዲሠሩ ፈቀደ። አዲሱ ጎዳና ትናንሾቹን ከተሞች እየዘለለ አለፈ፤ መንገደኛ የለመዱት የነዳጅ ማደያዎችና ጋራዦችም በብዙ ቦታ ተዘጉ፤ በግቢያቸው የቆሙት መኪናዎች በዚያው ቀሩ። ገበሬው በበኩሉ የተበላሸችውን መኪና የሚያቆያት መለዋወጫዋ ለሌላዋ ይሆናል በማለት ነበር። አንዳንዱም የወንዙ ጎርፍ መሬቱን እንዳይሸረሽርበት የመኪናውን ቦዲ ከወንዙ ዳር ደርድሮታል፤ እንዲህ ያሉ ድርድሮች እስከ ዛሬ የሚታዩባቸው ቦታዎች አሉ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው ሰሜናዊ ግዛቶች ዝገት ብረቱን ፈጥኖ ሲበላው፣ በደረቁ የምዕራብ ሜዳ ግን አንድ ቦዲ ብዙ አሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። እነዚህን ብረቶች መጠየቅ ይገባል ያልኩት ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦች በአንድ ሜዳ ላይ ተኝተው ስለሚገኙ ነው። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና ከ15 ሚሊዮን በላይ ሠራ። ዋጋዋ በመጀመሪያ 850 ዶላር ነበር፤ ኋላ ግን ከ300 ዶላር በታች ወረደ። የፎርድ ሐሳብ ርካሽ፣ ጠንካራና ገበሬው በራሱ መሣሪያ የሚጠግናት አንዲት መኪና ሳይለወጡ መሥራት ነበር። የጄኔራል ሞተርስ መሪ አልፍሬድ ስሎን ግን በ1920ዎቹ ሌላ መንገድ ቀየሱ። በየዓመቱ አዲስ ቅርጽ ቢወጣ፣ ሰው ገና የሚሠራ መኪናውን እንደ አሮጌ ቆጥሮ ሌላ ይገዛል አሉ። በገበያው ያሸነፈው የስሎን ሐሳብ ነው። ስለዚህ ከጎተራው ጀርባ ከሚታዩት መኪናዎች አንዳንዶቹ የተጣሉት ሞተራቸው ስለሞተ ሳይሆን ፋሽናቸው ስላለፈ ነው። ዛሬ ስልክና ልብስ ሳያረጅ የሚጣለው ከየት በተማርነው ልማድ እንደ ሆነ ለመረዳት የፈለገ ሰው፣ ከመልሱ አንዱን ክፍል በዚያ ሣር ውስጥ ያገኘዋል።

ስለ ስቱድቤከርም ማሰብ ይጠቅማል። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1852 በኢንዲያና ግዛት፣ በሳውዝ ቤንድ ከተማ የጋሪ ሠሪዎች ሱቅ ሆኖ ተቋቋመ። ከፈረስ ዘመን ወደ ሞተር ዘመን በሚገባ ተሻገረ። ሆኖም በታኅሣሥ 1963 የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካው ተዘጋ፤ በ1966 ደግሞ በካናዳ የቀረው ሥራው አበቃ። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ድርጅት እንዲህ ሲዘጋ፣ ሥራው የነበረበት ከተማ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ያለ እንጀራ ቀረ። መንገደኛው በሜዳ ላይ የዚህን ድርጅት ስም በዛገ ኮፈን ላይ ሲያነብ፣ የሚያነበው የአንድን ከተማ ታሪክ ጭምር ነው።

ብስክሌተኛውም ራሱ ለእነዚህ መኪናዎች ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 የተቋቋመው የአሜሪካ ብስክሌተኞች ማኅበር፣ መኪና ገና ሳይስፋፋ መንገዶች እንዲጠገኑ በብርቱ ይሟገት ነበር፤ ለዚሁም በ1892 መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ፎርድ በ1896 የሠራው የመጀመሪያ ተሽከርካሪ በአራት የብስክሌት ጎማዎች የሚሄድ ነበር። አውሮፕላን ያበረሩት የራይት ወንድማማቾችም ብስክሌት ሠሪዎችና ጠጋኞች ነበሩ። እንግዲህ ብስክሌቱ ለመኪናው መንገድ ከጠረገ በኋላ በመኪናው ተገፍቶ ወደ መንገድ ዳር ወጣ። ዛሬ ግን ብስክሌቱ እየሄደ፣ መኪናው ቆሞ ይገናኛሉ።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዶች፣ «የዛገ ብረት የዛገ ብረት ነው፤ ቀልጦ ለሥራ ቢውል ይሻላል» ይላሉ። ከእውነት የራቀ አነጋገር አይደለም፤ ሁሉም ቁርጥራጭ ይጠበቅ የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። እኔ የምለው ግን ከማቅለጥ በፊት ማንበብ ይቅደም ነው። ደብዳቤ ተነቦ ቢቃጠል ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሳይነበብ ቢቃጠል ግን ቃሉም አብሮ ይጠፋል።

ሌሎች ደግሞ፣ «ያለፈውን ዘመን ማሞገስ ነው» ብለው ይቃወማሉ። ይህ ተቃውሞ ከፊተኛው የበረታ ስለሆነ በቁም ነገር ልንመልስለት ይገባል። በእርግጥ የእነዚያ መኪናዎች ዘመን ያማረ ብቻ አልነበረም። የወንበር ቀበቶ በአዳዲስ መኪናዎች ሁሉ እንዲኖር የአሜሪካ ሕግ ያስገደደው ከ1968 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት በግጭት ብዙ ሰው ያለ መከላከያ ሞቷል። እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ለመንገድ መኪናዎች ፈጽሞ የተከለከለውም በ1996 ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የገጠሩ መንገድ ለሁሉ ሰው እኩል አለመከፈቱ ነበር። ጥቁር መንገደኛ ማደሪያና ምግብ የሚከለከልባቸው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መገኘቱ ለሕይወቱ የሚያሰጋባቸው ከተሞች ነበሩ። ስለዚህም የፖስታ አመላላሽ የነበሩት ቪክተር ሁጎ ግሪን ጥቁሮች በሰላም የሚያርፉባቸውን ቤቶች የሚዘረዝር መምሪያ እ.ኤ.አ. በ1936 ማሳተም ጀመሩ፤ መምሪያውም እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ይወጣ ነበር። በሌላ በኩል የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በ1955 እና በ1956 የከተማውን አውቶቡስ አንሳፈርም ሲሉ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ወደ ሥራቸው ካመላለሷቸው ነገሮች አንዱ የግል መኪና ነው። አንዱ መኪና የፍርሃት፣ አንዱ የነፃነት መጓጓዣ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ይህ የሚያሳየው ምንድን ነው? አሮጌውን መኪና አለማየት ይሻላል ማለት ነውን? አይደለም። ይልቁንም በደንብ ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው። ያለፈውን ዘመን በሐሰት የሚያሞግሰው በፍጥነት አልፎ የክሮሙን ብልጭታ ብቻ ያየ ሰው ነው። ቆሞ «ይህችን መኪና ማን ነዳት? ማንስ መሳፈር ተከለከለ? ለምንስ ተጣለች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ውበቱንም በደሉንም አብሮ ያያል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በሩጫ የተያዘ ዕውቀትም እንዲሁ ነው።

ለመመርመር የተነሣ ሰው ግን ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። አጥር የተሠራው በምክንያት ነውና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሻገር አይገባም። ለማስታወሻ ብሎ ምልክት ወይም መለዋወጫ መንቀልም ስርቆት ነው። የሚሻለው በሩን አንኳኩቶ ባለቤቱን ማነጋገር ነው። ብረቱ ሊነግርህ ያልቻለውን፣ አባቱ በዚያች መኪና ወተት ሲያመላልስ ያየ ሽማግሌ ሊነግርህ ይችላልና።

አንባቢ ሆይ፣ ካንሳስ ሩቅ ነው፤ ዝግታ ግን ሩቅ አይደለም። በሐረር ከተማ ለረጅም ዘመን ታክሲ ሆነው ያገለገሉትን ፔጆ 404 መኪናዎች የሚያስታውሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። በአንተም አካባቢ የቆመ የጭነት መኪና፣ ሥራ የፈታ ወፍጮ ወይም በሣር የተዋጠ አሮጌ መንገድ አይታጣም። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ከምታልፋቸው እንዲህ ካሉ ነገሮች ፊት አንድ ጊዜ ቁም። መቼ ተሠራ? ማን ተጠቀመበት? ለምን ቆመ? ብለህ የሚያውቅ ታላቅ ሰው ጠይቅና የሰማኸውን በደብተርህ ጻፍ። ዝገቱ ሥራውን አያቋርጥም፤ የሚያውቁት ሰዎችም ሁልጊዜ አይኖሩምና ጥያቄህን ለሌላ ቀን አታሳድር።