ቀድሞ የከፈለ ይቀጣል!

ድሬ ላይ ቴአትር መውደድ ዋጋ ያስከፍላል። ለዚያውም ሙሉ ዋጋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን ስንጫወት ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ያልፋል። ከአዲስ አበባ ቴአትር መጣ፣ «ለአንድ ቀን ብቻ!» ይላል። እኛ (የማንቀረው፣ የዘወትር ተመልካቾቹ) በማግስቱ ሄደን ትኬት እንቆርጣለን። ቀኑ ሲደርስ የፊት ወንበሮች በሙሉ «ለክብር እንግዶች» ተይዘው እናገኛቸዋለን። እንግዶቹ ግማሾቹ አይመጡም። መጋረጃው ሊከፈት ሲል፣ አዳራሹ ባዶ እንዳይመስል ተብሎ ደጅ የቆመው ሁሉ በግማሽ ዋጋ ይገባል። አንዳንዱማ በነፃ! ገብቶ የት ይቀመጣል? እኛ ፊት።

እንግዲህ ፍረዱ። ሳምንት ቀድሞ ሙሉ ዋጋ የከፈለው ከኋላ፣ በሩ ላይ ተከራክሮ የገባው ከፊት። ዛሬ ጓደኞቻችን ነቅተዋል፤ ቀድሞ የሚገዛ የለም። «ቆይ አቦ፣ በር ላይ ይቀንሳሉ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

አዘጋጁ ደግሞ ትዕይንቱ ሦስት ቀን ሲቀረው የተሸጠውን ትኬት ቆጥሮ ይደነግጣል። «ድሬ ዘፈን እንጂ ቴአትር አይወድም» ብሎ ይደመድምና በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። መጠበቅን ያስተማረን ማን ሆነና ነው?

የአዲስ አበባን ተመልካች የምንቀናበት በሕንፃው አይደለም። ሀገር ፍቅር በ1927፣ ብሔራዊ በ1948 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩ ቤቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ያብዛው። የምንቀናው በቀኑ ነው። እዚያ አንድ ቴአትር የራሱ የሳምንት ቀን ይሰጠውና ለወራት ይታያል። ዛሬ ያልተመቸው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳል፤ ያየው ለጎረቤቱ ይነግራል። እኛ ጋ ግን ወሬው ሰፈር ሳይደርስ ተዋንያኑ መንገድ ላይ ናቸው።

«ወጪው ከብዶን ነው» ይላሉ አዘጋጆቹ። እናምናለን። ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሰውና ዕቃ አጓጉዞ፣ ሆቴል፣ አበልና የአዳራሽ ኪራይ ከፍሎ አንድ ምሽት ካልሞላ ኪሳራ ነው። ታዲያ ለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ የሚከፍል ደንበኛ አይደለም እንዴ? እናንተ የምትቀጡት እሱኑ!

መድኃኒቱ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1890 በርሊን ውስጥ «ፍራየ ፎልክስቢዩነ» የሚባል የቴአትር ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ በአብዛኛው ሠራተኞች ነበሩ። ትንሽ መዋጮ ይከፍላሉ፤ የሁሉም ክፍያ እኩል ነው። የትኛው ወንበር ለማን እንደሚደርስ የሚወሰነው ደግሞ በዕጣ ነበር። በዕጣ! ጎበዝ፣ ይህ እኮ ዕቁብ ነው። ጀርመኖቹ ስም ቀየሩለት እንጂ።

ዕቁብ ደግሞ ለድሬ ማን ያስተምረዋል? በየገበያው፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየባጃጅ ተራው እንጥላለን። እስቲ እናስላ። 200 የቴአትር ወዳጆች በወር መቶ መቶ ብር ቢጥሉ በወር 20,000፣ በሦስት ወር 60,000 ብር ነው። አዘጋጁ ከአዲስ አበባ ሳይነሳ 200 ወንበር ተሸጠለት ማለት ነው። ያኔ «ለአንድ ቀን ብቻ» ማለቱን ትቶ ሁለት ምሽት ሊያድር ይችላል።

«ገንዘቡን ይዘው ቢጠፉስ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አንድ ጊዜ የተሰረዘ ትዕይንት ገንዘባችንን ለማስመለስ ሦስት ቀን አመላልሶናል። ስለዚህ እንደ ዕቁብ ሁሉ ሰፈር የሚያውቀው ዳኛ ይኑረው። ብሩም መጋረጃው እስኪከፈት ባንክ ይቀመጥ፤ ካልተከፈተ ለባለቤቱ ይመለስ።

የቀረው ጥያቄያችን አጭር ነው። ቅናሽ ካለ ቀድሞ ለገዛ ይሁን፤ ተማሪም መታወቂያውን አሳይቶ የተማሪ ዋጋ ይክፈል። የክብር እንግዳ በሰዓቱ ካልመጣ ወንበሩ ቀድሞ ለከፈለው ይለቀቅ። ሰዓቱንም አስቡበት፦ በድሬ ፀሐይ፣ በ9 ሰዓት፣ ከተማው በርጫ ላይ ሳለ ቴአትር ከፍቶ «ሰው ጠፋ» ማለት ምን ይሉታል? ነፋሱ ሲነፍስ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሞክሩንና ያኔ ፍረዱብን።

እኛ ምጽዋት አልለመንንም። ለመክፈል ተዘጋጅተናል፤ ቀድመንም እንከፍላለን። መቅደማችን ቅጣት አይሁንብን ነው ያልነው፣ አቦ!